በማሽን ሆድ ውስጥ ያለው ብረትና የአስመጪው ኀላፊነት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ማወቅ አለበት የሚለው አሳብ ከገበያ ሕግጋት ሁሉ የቀደመ ነው። የቡና ነጋዴ ከጆንያው ጭብጥ ፍሬ አንሥቶ በመዳፉ ላይ እየገለበጠ ይመለከታል፣ ያሸታል፣ በጥርሱም ይፈትናል፤ ዋጋ የሚናገረው ከዚህ በኋላ ነው። የጨርቅ ነጋዴ የጣቃውን ጠርዝ ይዞ ድሩንና ማጉን በብርሃን ይመረምራል። የማር ነጋዴም ቢሆን በጣቱ ሳይቀምስ ሚዛን አይሰቅልም። የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ትራንስፎርመር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የብየዳ ማሽንና ስታቢላይዘር የሚያስመጣው ነጋዴ ግን ዕቃውን የሚመዝነው ብዙውን ጊዜ በቀለሙ፣ በክብደቱና በዋጋው ብቻ ነው። የዕቃውን መልካምነት ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ከቀለሙ ሥር፣ በሽቦ ተከቦ የተቀመጠው ብረት መሆኑን የሚያስበው ጥቂቱ ነው።

ይህ ብረት በባለሙያዎች ዘንድ ለስላሳ ማግኔት ይባላል። ስሙ ለመደብር ሰው እንግዳ ቢመስልም ሥራው እንግዳ አይደለም፤ ከወፍጮ ቤት እስከ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከቡና መፈልፈያ እስከ ስልክ ቻርጀር ድረስ ያልገባበት ቦታ የለም። ጥሩ የሆነ እንደ ሆነ ማንም አያስታውሰውም። መጥፎ የሆነ እንደ ሆነ ግን በየሰዓቱ ገንዘብ ይበላል፤ በመጨረሻም ዕቃውን ያቃጥላል። ጥሪቱን አሟጦ፣ ከዘመድም ተበድሮ የወፍጮ ሞተር የገዛ ሰው ሞተሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲቃጠልበት የሚወቅሰው በሩቅ አገር ያለውን ፋብሪካ አይደለም፤ የሸጠለትን ባለ ሱቅ ነው። ወቀሳውም ያለ ፍርድ አይደለም፤ በፋብሪካውና በገዢው መካከል ቆሞ ለመጠየቅ የሚችለው ነጋዴው ብቻ ነውና።

የብረቱ ጠባይ

ማግኔት በጠባዩ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን አንድ ጊዜ ማግኔት ከሆነ በኋላ ጠባዩን የማይለቅ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ውስጥ የሚገኘው ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ወገን በዙሪያው በተጠመጠመው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ወዲያውኑ ብርቱ ማግኔት የሚሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ ኀይሉን የሚለቅ ነው። ለስላሳ የተባለው ይህ ሁለተኛው ነው። ስሙ የመጣው በቀድሞ ጊዜ ግሎ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ለስላሳ ብረት ይህን ጠባይ ስላሳየ፣ ግሎ በውሃ የተነከረ ጠንካራ ብረት ደግሞ ተቃራኒውን ስላሳየ ነው። ዛሬ ቃሉ የሚያመለክተው የብረቱን ለትእዛዝ መገራት ነው።

ይህ መገራት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የመብራት ኀይልን አካሄድ ማስታወስ ይበቃል። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በትራንስፎርመር ወይም በሞተር ውስጥ ያለው ብረትም ከእርሱ ጋር በየሴኮንዱ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። በእያንዳንዱ መለዋወጥ ጥቂት ኀይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል።

ይህ ኪሣራ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው የመመላለስ ኪሣራ ነው፤ ብረቱ አቅጣጫውን ለመለወጥ እንቢ ባለ መጠን የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ሁለተኛው የአዙሪት ኪሣራ ነው፤ በብረቱ ሥጋ ውስጥ ያለ ጥቅም የሚሽከረከር ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሙቀት ነው። ለመጀመሪያው መድኀኒቱ ንጹሕና በሚገባ የተቀመመ ብረት ነው። ለሁለተኛው መድኀኒቱ ብረቱን እንደ ወረቀት አሳስቶ፣ እያንዳንዱን ንጣፍ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቅብ ለይቶ መደራረብ ነው። የንጣፉ ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ የአዙሪት ኪሣራው ወደ ሩብ ይወርዳል። የተቃጠለ ሞተር ተፈትቶ ያየ ሰው ሁሉ ብረቱ አንድ ወጥ ሳይሆን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ሆኖ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፈረስ ኮቴ እስከ ብርጭቆ መሰል ብረት

የዚህ ብረት ታሪክ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የንግድም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጀን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የታጠፈ ለስላሳ ብረት ላይ ሽቦ ጠምጥሞ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ማግኔት አሳየ። በ1831 ማይክል ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ አድርጎ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚወለድ ገለጠ። በ1885 ደግሞ በቡዳፔስት የጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲሶች የዛሬውን የሚመስል ትራንስፎርመር ለገበያ አቀረቡ።

ችግሩ የታየው ከሽያጭ በኋላ ነበር። በ1890ዎቹ ዓመታት የተሸጡት ትራንስፎርመሮች አዲስ ሳሉ በሚገባ ይሠሩ ነበር፤ ዓመት በቈጠሩ ቍጥር ግን ብረታቸው እያረጀ ኪሣራቸው እየጨመረ ሄደ። ገዢው በፈተና ቀን ያየው ቍጥርና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚከፍለው ሒሳብ የማይገናኙ ሆኑ። ከዚህ ችግር ያዳነው ሲሊኮን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ባሬት፣ ብራውንና ሃድፊልድ ጥቂት ሲሊኮን የተቀላቀለበት ብረት ኪሣራው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳተሙ፤ ብረቱ በሥራ ብዛት ማርጀቱም በዚሁ ቅይጥ በእጅጉ ቀነሰ። እስከ ዛሬም በትራንስፎርመር ብረት ውስጥ ከመቶው ሦስት እጅ ያህል ሲሊኮን ይገኛል። ከዚህ ብዙ ካለፈ ብረቱ ስለሚሰባበር በቀላሉ ወደ ስስ ንጣፍ አይጠቀለልም።

በ1934 አሜሪካዊው ኖርማን ጎስ የብረቱ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደ ጨርቅ ድር በአንድ አቅጣጫ እንዲሰለፉ የሚያደርግ የአጠቃለል ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ድሩ በተሰለፈበት አቅጣጫ ብረቱ ማግኔትን ያለ ድካም ስለሚያሳልፍ ለትራንስፎርመር ተመራጭ ሆነ። በሞተር ውስጥ ግን የማግኔቱ አቅጣጫ ስለሚዞር ድሩ ያልተሰለፈው ዓይነት ይሻላል። በ1930 በቶኪዮ ካቶና ታኬይ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከብረት ዝገት መሰል ዱቄት ተጋግሮ እንደ ሸክላ የሚጠነክር ፌራይት የተባለ ማግኔት አገኙ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ይህንኑ ለመሸጥ ኩባንያ ተቋቋመ። በ1960 ደግሞ ፖል ዱዌዝ በካሊፎርኒያ የቀለጠ ቅይጥ በሴኮንድ በሚሊዮን ዲግሪ በሚቈጠር ፍጥነት ቢቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ሥርዐት የለሽ ሆኖ እንደሚጠነክር አሳየ። ከዚህ ግኝት የተወለደው ሪባን መሰል ብረት ውፍረቱ 0.025 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በትራንስፎርመር ውስጥ የባዶ ሥራ ኪሣራን ከተለመደው ብረት ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴው የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ሁለት ትራንስፎርመሮች በመልክ አንድ፣ በቮልት አንድ፣ በኀይል መጠንም አንድ ሆነው በሆዳቸው ያለው ብረት ግን የሠላሳና የአርባ ዓመት ዘመን ልዩነት ሊኖረው ይችላል።

ቍጥሩን ማንበብ

ብረቱ በዓይን የማይለይ ቢሆንም ስም የሌለው አይደለም። በአውሮፓ ደረጃ ኤም 400-50 ኤ የሚል ምልክት የያዘ ብረት ንባቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቍጥር ለመቶ ሲካፈል በአንድ ኪሎ ብረት ውስጥ የሚጠፋውን ከፍተኛ የዋት መጠን ይነግራል፤ እዚህ ላይ 4 ዋት ነው። ሁለተኛው ቍጥር ውፍረቱን ይናገራል፤ 50 ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። የመጨረሻው ፊደል ድሩ ያልተሰለፈ፣ ለሞተር የሚስማማ መሆኑን ያመለክታል። ኤም 800-50 ኤ የተባለው ግን በዚያው ውፍረት በኪሎ እስከ 8 ዋት ያጠፋል። በጃፓንና በቻይና ምልክት ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ውፍረቱ ይቀድማል፣ ኪሣራው ይከተላል። ስለዚህ 50 ኤ 400 ወይም 50 ደብልዩ 400 የሚል ጽሑፍ ከመጀመሪያው ምሳሌ ጋር ተመሳሳይ ደረጃን ያሳያል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 20 ኪሎ ብረት ያለው አንድ ሞተር ከመጀመሪያው ዓይነት ቢሠራ በብረቱ ብቻ የሚጠፋው 80 ዋት ያህል ይሆናል፤ ከሁለተኛው ቢሠራ 160 ዋት ይሆናል። ብረቱ ተቈርጦና ተጠርዞ በሥራ ላይ ሲውል ኪሣራው ከዚህም መጨመሩ የታወቀ ነው። ሞተሩ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ልዩነቱ በዓመት 192 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አሥር ሞተር ያለው የቡና ማበጠሪያ ወይም የሰሊጥ ማጽጃ ባለቤት ይህን በአሥር አባዝቶ፣ በራሱ የመብራት ሒሳብ ዋጋ ቢመታው ወደ ውጭ በሚልከው በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ሳያውቅ የሚጭነውን ወጪ ያገኘዋል። ላኪው ከባሕር ማዶ ገዢ ጋር ስለ ጥቂት ሳንቲም ሲከራከር ቈይቶ፣ ያንኑ ሳንቲም በራሱ መጋዘን ውስጥ በሙቀት መልክ ማጥፋቱ የሚያሳዝን ነው።

ባለቤቱ ሲተኛ የማይተኛው ዕቃ

ከሞተር ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ትራንስፎርመር ነው። ወፍጮው ቢዘጋ፣ ፋብሪካው ቢያርፍ፣ ባለቤቱም ቢተኛ ትራንስፎርመሩ አይተኛም፤ ከመስመሩ ጋር እስከ ተያያዘ ድረስ ብረቱ በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ይገለባበጣል። ይህ የባዶ ሥራ ኪሣራ በዓመት 8,760 ሰዓት ሳያቋርጥ ይቈጥራል።

በቀድሞው የአውሮፓ መለኪያ ባለ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በአምስት ደረጃ ይከፈል ነበር። በዝቅተኛው ደረጃ የባዶ ሥራ ኪሣራው 320 ዋት፣ በከፍተኛው 145 ዋት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በዚህ መጠን ላለው የዘይት ትራንስፎርመር ከ145 ዋት በላይ የሆነው አዲስ ዕቃ ወደ ገበያው እንዳይገባ ደነገገ፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ ወሰኑን ወደ 130 ዋት ዝቅ አደረገ። በ320ና በ145 መካከል ያለው ልዩነት 175 ዋት ነው፤ ሲያዩት ብዙ አይመስልም። በዓመት ግን 1,533 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ትራንስፎርመሩ 25 ዓመት ቢያገለግል 38,325 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ቆጣሪው ከትራንስፎርመሩ በፊት የተተከለበት ፋብሪካ ይህን ሁሉ ከኪሱ ይከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንድ ገበያ በሕግ የዘጋበት ዕቃ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ አይቀልጥም፤ ሕግ ያልከለከለውንና ጠያቂ የሌለውን ገበያ ፈልጎ ይሄዳል። ቍጥር የማይጠይቅ አስመጪ ሌላው የናቀውን ዕቃ በውድ የውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ሊያራግፍ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ፋብሪካም ያልፋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ተነግሯል። የጄኔሬተሮቹ አካል ራሱ ከሲሊኮን ብረት ንጣፍ የተሠራ ነው፤ ከእነርሱ የሚወጣው ኀይልም ከሱቅ መብራት እስኪደርስ ድረስ ሦስትና አራት ጊዜ በትራንስፎርመር ያልፋል። በየመንደሩና በየፋብሪካው ደጃፍ የሚተከለው ዕቃ ደካማ ከሆነ በብዙ ድካም የተገኘው ኀይል በመንገድ ላይ ያልቃል።

ቮልቱ ገጥሞ ድግግሞሹ ያልገጠመ ዕቃ

በየገበያው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ጉዳይ አለ። ገዢውም ሻጩም የዕቃውን ሰሌዳ ሲያዩ የሚፈልጉት ቮልቱን ነው። 220 ቮልት የሚል ካገኙ ሌላውን አያነቡም። ነገር ግን ከሳውዲ ዐረቢያና ከደቡብ ኮሪያ የሚመጣ ዕቃ ቮልቱ የሚስማማ ሆኖ ሳለ የተሠራው ለ60 ሄርዝ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱም አገሮች መስመር 60 ሄርዝ ነውና። ከአሜሪካና ከካናዳ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። ከስደት ሲመለሱ ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ ወይም ፓምፕ ይዘው ለሚገቡ ሰዎችና ያገለገለ ዕቃ በብዛት ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው።

ምክንያቱ በብረቱ ውስጥ ነው። ድግግሞሹ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ብረቱ በአንድ ምልልስ የሚሸከመው ማግኔት በመቶ 20 ይጨምራል። 1.5 ቴስላ እንዲሸከም የታቀደ ብረት 1.8 ቴስላ ይጫንበታል ማለት ነው። የሲሊኮን ብረት የመጨረሻ ዐቅሙ 2 ቴስላ ገደማ ስለ ሆነ ገና ከዚያ ሳይደርስ መጥገብ ይጀምራል። የጠገበ ብረት ተጨማሪ ማግኔት ለመቀበል ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ሽቦው ይግላል፣ ዕቃው ያጓራል፣ ቅቡ ይቃጠላል። ሞተር ከሆነ ፍጥነቱም በስድስተኛ ይቀንሳል። ሰሌዳው ላይ 50/60 የተጻፈበት ዕቃ ከዚህ ነጻ ነው። ካውያና የውሃ ማፍያም ሥራቸው በሙቀት ብቻ ስለ ሆነ አይነኩም።

በገበያ የሚሸጠው የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን እንደማይለውጥ ባለ ሱቁ ለገዢው መንገር ይኖርበታል። ለ220 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሄርዝ መስመር ላይ የግድ መሥራት ካለበት ቮልቱ ወደ 183 ገደማ መውረድ አለበት፤ ያን ጊዜም ኀይሉ በስድስተኛ ይጎድላል። ይህን ሳይናገሩ መሸጥ ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ነው።

ክብደት፣ ጥገናና የፈረሰ ዕቃ

በመርካቶ ስታቢላይዘር የሚገዛ ሰው አንሥቶ በክንዱ ይመዝናል፤ የከበደውን ይመርጣል። ልማዱ ጨርሶ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብረቱና ሽቦው የተሰረቀበት ዕቃ ይቀላልና። ነገር ግን ክብደት ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም። ፋብሪካ ርካሽ ብረት ሲጠቀም ጉድለቱን ለመሸፈን ብረት ሊያበዛ ይችላል፤ ያን ጊዜ ገዢው የከበደውን ሲመርጥ መጥፎውን መረጠ ማለት ነው። በሌላ በኩል ዘመናዊ ቻርጀር በኪስ የሚያዝ የሆነው ስለ ተሰረቀበት ሳይሆን በሴኮንድ በብዙ ዐሥር ሺህ ጊዜ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራና ትንሽ ፌራይት ስለሚበቃው ነው። ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚያድነው ማቋረጫም በውስጡ ያለው ከቀለበት የማይበልጥ ማግኔት ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ሚሊ አምፔር የፈሰሰ ኤሌክትሪክ የሚሰማው እርሱ ነው። የዚህን ቀለበት አስመስሎ መሥራት በሰው ሕይወት መነገድ ነው።

ሽቦ የሚጠመጥሙ ባለሙያዎችም ከዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። የተቃጠለ ዲናሞ ሲቀርብላቸው የቀድሞውን ሽቦ ለማውጣት በእሳት የሚያግሉ ብዙዎች ናቸው። እሳቱ ከ370 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በንጣፎቹ መካከል ያለው ቅብ መበላሸት ይጀምራል፤ ንጣፎቹ ተነካክተው የአዙሪት ኪሣራው ይጨምራል። ሞተሩ አዲስ መዳብ ለብሶ ይወጣል፤ ከቀድሞው ይልቅ ግን ይግላል፣ ይበላል፣ ቶሎም ይመለሳል። ባለቤቱ ጠምጣሚውን፣ ጠምጣሚው ሽቦውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የእሳቱ ነው። በምናለሽ ተራ ከፈረሰ ትራንስፎርመር የሚወጣውን ንጣፍ ገዝተው አዲስ የብየዳ ማሽን የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ብልሃታቸው የሚመሰገን ነው፤ እነርሱም ንጣፉ ሳይቃጠልና ሳይታጠፍ ቢፈታላቸው ሥራቸው በብዙ ይሻሻላል።

ስለሚቀርቡት ምክንያቶች

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ምክንያቶች ሲቀርቡ ይሰማል። የመጀመሪያው ደንበኛው የሚፈልገው ርካሹን ነው የሚል ነው። ደንበኛው ርካሹን የሚፈልገው ግን ሁለተኛውን ዋጋ የነገረው ስለሌለ ነው። የሚያየው በሱቅ የሚከፈለውን አንዱን ዋጋ ብቻ ነው፤ በየወሩ ከመብራት ሒሳብ ጋር የሚከፈለውን ሌላውን አያይም። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ቢቀርቡለት አስልቶ የማይገዛ ነጋዴም ሆነ ገበሬ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። እውነት ነው፤ ጥሩ ብረት ውድ ነው። ድሩ የተሰለፈውን ብረት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በዓለም ጥቂት ናቸው፤ በአሜሪካ እንኳ የሚያመርተው ኩባንያ አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህም የትራንስፎርመር ዋጋና የማስረከቢያ ጊዜ በዓለም ገበያ ጨምሯል። ነገር ግን በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ የሚገባ ርካሽ ዕቃ አንድ ጊዜ ከሚገባ ጥሩ ዕቃ ይልቅ ምንዛሪ ይጨርሳል። የምንዛሪ እጥረት ለጥራት መጠንቀቂያ እንጂ ጥራትን መተዊያ ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሲባል ግን ሁልጊዜ ውዱ ይገዛ ማለት አይደለም። በቀን አንድ ሰዓት ሠርቶ ከመስመር የሚነቀል የብየዳ ማሽን እጅግ የተመረጠ ብረት አያስፈልገውም፤ ለእርሱ የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ አይመለስም። ሌሊትና ቀን የሚሠራ ፓምፕና ከመስመር የማይለይ ትራንስፎርመር ግን ያስፈልጋቸዋል። ብልሃቱ ብረቱን ከሥራው ሰዓት ጋር ማመዛዘን ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል

ስለዚህ በአስመጪው የትእዛዝ ደብዳቤ ላይ ከቮልትና ከኀይል መጠን በተጨማሪ አራት መስመሮች መጻፍ አለባቸው፤ ድግግሞሹ 50 ሄርዝ መሆኑ፣ ለትራንስፎርመር የባዶ ሥራና የጭነት ኪሣራው በዋት፣ ለሞተር ከአይ.ኢ. 1 እስከ አይ.ኢ. 4 ካሉት ደረጃዎች የትኛው እንደ ሆነ፣ እንዲሁም የፋብሪካው የፈተና ወረቀት ከዕቃው ጋር እንዲመጣ። እነዚህን ለመጻፍ ቀለም እንጂ ምንዛሪ አያስፈልግም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ያልጠየቀ ገዢም የሚላክለት የተረፈው ነው።

ትላልቅ ትራንስፎርመር የሚገዙ ድርጅቶች በሌላው ዓለም የሚሠራበትን ልማድ ቢከተሉ ይጠቀማሉ። በጨረታው ላይ ለእያንዳንዱ ዋት ኪሣራ ዋጋ ተቈርጦለት በዕቃው ዋጋ ላይ ይደመራል፤ አሸናፊ የሚሆነውም በድምሩ ያነሰው ነው። ፋብሪካው በፈተና ቀን ከገባው ቃል በላይ ኪሣራ ከተገኘበት በውሉ መሠረት ይቀጣል። በዚህ መንገድ ርካሽ መስሎ የቀረበው ሁሉ እውነተኛ ዋጋው ይገለጣል።

ባለ ሱቁ ደግሞ ትንሽ የዋት መለኪያ ቢኖረው ዕቃውን ያለ ጭነት ለአንድና ለሁለት ሰዓት አያይዞ የሚበላውን ዋት፣ ሙቀቱንና ድምፁን ሊመረምር ይችላል። መለኪያው አምፔር ብቻ ሳይሆን ዋት የሚያነብ መሆን አለበት፤ በባዶ ሥራ ጊዜ አምፔሩ ብቻውን የሚጠፋውን ኀይል አይናገርምና። የተገኘውን ቍጥር በካርድ ጽፎ በዕቃው ላይ ቢያንጠለጥል በአካባቢው ካሉት ሱቆች ሁሉ የሚታመን ይሆናል። መለኪያ ለመግዛት ዐቅም የሌላቸው ጥቂት ባለ ሱቆች በኅብረት አንድ ሊገዙ ይችላሉ፤ የሙያ ትምህርት ቤቶችም በክፍያ ቢመረምሩላቸው ለተማሪዎቹ ትምህርት፣ ለነጋዴው ዋስትና ይሆናል።

አገሪቱ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና የመለዋወጫው ንግድ እየሰፋ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ድግግሞሽ ብዙ መቶ ሄርዝ ስለሚደርስ ብረታቸው ከተለመደው ሞተር ይልቅ የሳሳና የተመረጠ ነው። ዛሬ የወፍጮ ሞተርን ቍጥር ማንበብ ያልለመደ ነጋዴ ነገ የመኪናውን ሞተር በቀለሙ ሊመርጥ ነው።

የቡና ነጋዴ ጭብጥ ፍሬ አንሥቶ መመርመርን የተማረው በአንድ ቀን አይደለም፤ ከአባቱና ከገበያው በብዙ ዓመት ነው። የብረቱ ቍጥር ግን በአንድ ቀን ይማሩታል። ቀለሙን ከማየት በፊት ሰሌዳውን፣ ክብደቱን ከመገመት በፊት ኪሣራውን የሚጠይቅ አስመጪ ሁለት ነገር ያተርፋል፤ ደንበኛው ከዓመት በኋላ ለወቀሳ ሳይሆን ለሁለተኛ ግዢ ይመለስለታል፣ ከሩቅ ያለው ፋብሪካም ይህ ሰው ያውቃል ብሎ የተረፈውን ሳይሆን የሚገባውን ይልክለታል።